ጆን ዌስሊና ገንዘብ

ሰው ሁሉ ገንዘብን ይፈልጋል፤ ስለ ገንዘብ ግን በግልጥ የሚያስተምር ሰው ጥቂት ነው። በቤተ ክርስቲያን ስለ ጾምና ስለ ጸሎት እንሰማለን፤ በክፍል ውስጥ ስለ ንግድና ስለ ሒሳብ እንማራለን፤ ነገር ግን ሰው በገበያ ያገኘውን ይዞ በአምላኩ ፊት ሲቆም ምን እንደሚጠየቅ ብዙ ጊዜ አንነጋገርም። እኛ በዚህ ዓመት ትምህርታችንን የምንፈጽም ተማሪዎች አንዳንዶቻችን ወደ ዩኒቨርሲቲ፣ አንዳንዶቻችንም ወደ ሥራ እንሄዳለን፤ ሁላችንም ብንሆን ጥቂት ቆይተን በስማችን የተጻፈ ደመወዝ እንቀበላለን። ስለዚህ ለዚህ የትምህርት ቤታችን የበዓል መታሰቢያ መጽሔት የአንድ ታላቅ ሰው ሕይወት እንድንጽፍ በታዘዝን ጊዜ፣ ንጉሥ ወይም የጦር አለቃ ሳይሆን፣ ዕድሜውን በሙሉ ከገንዘብ ጋር ሲታገል የኖረውን እንግሊዛዊ ሰባኪ ጆን ዌስሊን መረጥን። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

ጆን ዌስሊ በ1703 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ኤፕወርዝ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱ ሳሙኤል ዌስሊ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ቄስ ነበረ፤ እናቱ ሱዛና 19 ልጆች ወልዳ ብዙዎቹን በሕፃንነታቸው የቀበረች፣ የቀሩትንም በራስዋ እጅ ያስተማረች ብርቱ ሴት ነበረች። ሳሙኤል የተማረና መጻሕፍት የሚጽፍ ሰው ነበረ፤ ነገር ግን ቤቱን ከዕዳ ማውጣት ፈጽሞ አልሆነለትም። በ1705 ዓ.ም. ጆን ገና የሁለት ዓመት ሕፃን ሳለ፣ አባቱ 30 ፓውንድ የማይሞላ ዕዳ መክፈል ስላቃተው በሊንከን ከተማ ግንብ ውስጥ ታሰረ። ሚስቱ ሌላ የምትልክለት ነገር ስላልነበራት ቀለበቶችዋን አውልቃ ላከችለት፤ እርሱም መልሶ ሰደደላት። የዮርኩ ሊቀ ጳጳስ ይህን ሰምቶ በእውነት ዳቦ አጥታ ታውቅ እንደ ሆነ ሱዛናን በጠየቃት ጊዜ፣ ዳቦስ እንዳላጣች፣ ነገር ግን ከመብላትዋ በፊት ለማግኘት፣ ከበላችም በኋላ ለመክፈል የሚደርስባት ጭንቀት ዳቦውን መራራ እንዳደረገባት ነገረችው። ጆን ዌስሊ እንግዲህ ድህነትን ያወቀው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከእናቱ ማዕድ ነው።

በ1709 ዓ.ም. በየካቲት ወር ሌሊት የቄሱ ቤት በእሳት ተያያዘ። ሌሎቹ ሁሉ ሲወጡ ጆን በላይኛው ፎቅ ተረሳ። በመስኮቱ ብቅ ሲል ያዩት ጎረቤቶች አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ ቆመው አወጡት፤ ወዲያው ጣራው ወደ ውስጥ ወደቀ። እናቱ ይህ ልጅ ለአንድ ሥራ ተርፏል ብላ አሰበች፤ እርሱም ከሞት የተመለሰች ነፍሱን የራሱ ሀብት አድርጎ አልቈጠራትም። በኋላም ሰው በዚህ ዓለም ባለቤት ሳይሆን የሌላውን ንብረት የሚጠብቅ መጋቢ ነው ብሎ ያስተማረው ትምህርት መነሻው በዚህ ሌሊት ሳይሆን አይቀርም ብለን እንገምታለን።

በ10 ዓመቱ በሎንዶን ቻርተርሃውስ በተባለው ትምህርት ቤት ገባ፤ በ1720 ዓ.ም. ወደ ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሄደ፤ በ1726 ዓ.ም. ደግሞ በሊንከን ኮሌጅ መምህር ሆኖ ተመረጠ። የዕዳ ልጅ የነበረው ወጣት አሁን የታወቀ ገቢ ያለው ሰው ሆነ። ለክፍሉም ግድግዳ ሥዕሎችን ገዝቶ ሰቀለ። ከዕለታት አንድ ቀን በብርቱ ብርድ ጊዜ፣ እርሱና ጓደኞቹ ትምህርት ቤት ያስገቧት አንዲት ልጃገረድ ወደ ክፍሉ መጣች። የለበሰችው አንዲት ስስ የበፍታ ቀሚስ ብቻ ነበረች፤ ሌላም ልብስ አልነበራትም። ዌስሊ ሊሰጣት እጁን ወደ ኪሱ ቢሰድ ገንዘቡ አልቆ ነበር። ቀና ብሎ ግድግዳውን ባየ ጊዜ፣ ልጅቱን ከብርድ ሊያድናት ይችል የነበረው ገንዘብ በዚያ ተሰቅሎ አገኘው። ሥዕሎቹም የዚያች ልጅ ደም መስለው ታዩት። ይህን ነገር ከብዙ ዓመታት በኋላ ሽማግሌ ሆኖ ሲሰብክ ይናገረው ነበረ፤ ሳይረሳውም ሞተ።

ይህን ታሪክ ባነበብን ጊዜ እኛም አፈርን። ባለፈው ጊዜ የክፍላችን ተማሪዎች ለመሰናበቻ አንድ ዓይነት ጃኬት እንዲሰፋልን ገንዘብ አዋጣን፤ ስማችንም በጀርባው እንዲጻፍ ተስማማን። አንድ ጓደኛችን መክፈል ስላልቻለ ፎቶግራፍ በተነሣንበት ቀን ከትምህርት ቤት ቀረ። አሞት ይሆናል ብለን አለፍነው እንጂ የጠየቀው አልነበረም። ፎቶግራፉ ዛሬ በእጃችን አለ፤ ሁላችንም እንስቃለን፤ የእርሱ ቦታ ግን የለም። የኦክስፎርዱ መምህር ግድግዳውን ያየበትን ዓይን ያወቅነው ያንጊዜ ነው።

ዌስሊ በኦክስፎርድ ሳለ ከወንድሙ ከቻርልስና ከጥቂት ጓደኞቹ ጋር አንድ ማኅበር ነበረው። በሰዓት የሚጸልዩ፣ በሰዓት የሚያነቡ፣ በሰዓት የሚጾሙ ስለ ሆኑ ሌሎቹ ተማሪዎች ሜቶዲስቶች ብለው ዘበቱባቸው፤ ትርጓሜውም ሥርዓተኞች እንደ ማለት ነው። እነዚህ ወጣቶች እስር ቤቶችን እየጎበኙ፣ በጥቂት ገንዘብ ዕዳ ምክንያት የታሰሩትን ዕዳቸውን እየከፈሉ ያስፈቱ ነበረ። አባቱ በምን ምክንያት እንደ ታሰረ ላወቀ ሰው፣ ይህ ሥራ ለዌስሊ ምን ያህል ለልቡ ቅርብ እንደ ነበረ መረዳት አያስቸግርም። በዚያው ዘመን ከእነርሱ አንዱ በዓመት 30 ፓውንድ ሲያገኝ በ28 ኖሮ 2 ፓውንድ ለድሆች ሰጠ። በሁለተኛው ዓመት 60 ቢያገኝም በ28 ኖሮ 32 ሰጠ። በሦስተኛው ዓመት 90 አግኝቶ 62፣ በአራተኛውም 120 አግኝቶ 92 ሰጠ። ይህን ዌስሊ ስሙን ሳይጠራ ስለ አንድ ወጣት አድርጎ ተርኮታል፤ ብዙዎች ግን ወጣቱ እርሱ ራሱ ነው ይላሉ። የሒሳብ መምህራችን ይህን ቢያዩ ገቢው በአራት እጥፍ ሲጨምር ወጪው ያልተነቃነቀ እንግዳ ሒሳብ ነው ይሉ ነበር። ሰው ሁሉ ገቢው ሲጨምር ፍላጎቱም አብሮ ይጨምራልና።

በ1735 ዓ.ም. ጆርጅያ ወደምትባለው የአሜሪካ ቅኝ ግዛት ሄዶ ነበር፤ ነገር ግን ሥራው አልተሳካለትም፤ አዝኖና ተስፋ ቈርጦ ተመለሰ። በግንቦት 24 ቀን 1738 ዓ.ም. በሎንዶን አልደርስጌት በተባለው መንገድ በአንድ የጸሎት ስብሰባ ሳለ፣ ኃጢአቱ በክርስቶስ እንደ ተሰረየለት በልቡ ተረዳ። ከዚህ ቀን ወዲህ ሌላ ሰው ሆነ። የቤተ ክርስቲያን በሮች ሲዘጉበት በሚያዝያ 1739 ዓ.ም. በብሪስቶል ከተማ ዳር በሜዳ ላይ ቆሞ መስበክ ጀመረ።

ብሪስቶል በዚያ ዘመን ምን ዓይነት ከተማ እንደ ነበረች ማወቅ ያስፈልጋል። ነጋዴዎችዋ መርከቦችን ወደ አፍሪካ ምዕራብ ጠረፍ እየሰደዱ ሰዎችን ይገዙ፣ በካሪቢያን ደሴቶችም ይሸጧቸው፣ ስኳርም ጭነው ይመለሱ ነበረ። በአጠገብዋም በኪንግስውድ ቀበሌ፣ ማንም የማይጠይቃቸው የከሰል ድንጋይ ቆፋሪዎች ይኖሩ ነበረ። እንግሊዝ በዚያ ምዕተ ዓመት ወደ ፋብሪካና ወደ ታላቅ ንግድ ዘመን እየገባች ነበረች፤ ዛሬ ካፒታሊዝም የምንለው ሥርዓት ጥርስ ያወጣው በዚያ ነው። ዌስሊ በፈረሱ እየተቀመጠ የዞረው በዚህ አገር፣ የሰበከውም ለዚህ ሕዝብ ነው። ከ50 ዓመት በላይ በብሪታንያና በአየርላንድ ሲዞር ኖረ።

ከድሆች መካከል የተሰበሰቡት ምእመናን በብሪስቶል የጸሎት ቤት ሠሩ፤ ቤቱ ግን ዕዳ አስከተለ። በየካቲት 1742 ዓ.ም. ስለዚህ ዕዳ ሲመካከሩ፣ ፎይ የተባለ አንድ የመርከብ አለቃ እያንዳንዱ ሰው በሳምንት አንድ ፔኒ ያዋጣ ዘንድ ሐሳብ አቀረበ። አንድ ሌላ ሰው ተነሥቶ ብዙዎቹ እርሱንም ለመክፈል የማይችሉ ድሆች ናቸው ብሎ ተቃወመ። የመርከቡ አለቃም ከሁሉ የሚደኸዩትን 11 ሰዎች ለእርሱ እንዲሰጡት ለመነ፤ በየሳምንቱ እየዞረ ሊጎበኛቸው፣ የጎደለባቸውንም ከኪሱ ሊሞላላቸው ቃል ገባ። ሌሎችም እንደ እርሱ አደረጉ። ፔኒውን ለመሰብሰብ ከቤት ወደ ቤት ሲሄዱ ግን ሌላ ነገር አገኙ፤ አንዱ ታሞ ነበረ፣ ሌላው ከሚስቱ ተጣልቶ ነበረ፣ ሌላው ወደ መጠጥ ተመልሶ ነበረ። ዌስሊ ይህን ባየ ጊዜ ማኅበሩን በሙሉ በ12 በ12 ሰው ምድብ ከፈለው። ለዕዳ መክፈያ የተጀመረው መዋጮ የነፍስ መጠባበቂያ ሆነ። ይህ ነገር ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። በአገራችንም እድርተኛው በየወሩ መዋጮውን ይዞ ሲገናኝ፣ ያልመጣው ሰው ለምን እንደ ቀረ ይጠየቃል፤ ገንዘቡ ሰዎቹን ያገናኛቸዋል እንጂ የመገናኘታቸው ፍጻሜ ገንዘቡ አይደለም።

በ1746 ዓ.ም. ዌስሊ በሎንዶን ለድሆች መድኃኒት በነፃ የሚሰጥበትን ቤት ከፈተ፤ በዚያው ዓመት የብድር ሣጥንም አቋቋመ። ለዚህ ሣጥን መጀመሪያ የተሰበሰበው 30 ፓውንድ ከ16 ሽልንግ ነበረ። ሥርዓቱም ለአንድ ሰው በአንድ ጊዜ ከ20 ሽልንግ፣ ማለት ከአንድ ፓውንድ ያልበለጠ ማበደር፣ ተበዳሪውም በየሳምንቱ እየከፈለ በሦስት ወር ውስጥ እንዲጨርስ ነው። ያ ጥቂት ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ በ18 ወር ውስጥ 255 ሰዎችን ረዳ። ሳሙኤል ዌስሊን ለእስር ያበቃው ዕዳ ከዚህ ሣጥን አይበልጥም ነበረ። እንግዲህ አንድን ቄስ ወደ ወህኒ ያወረደ ያህል ገንዘብ፣ በሌላ እጅ ሲገባ ይህን ያህል ቤተ ሰብ አቁሟል ማለት ነው።

ዌስሊ ስለ ገንዘብ አጠቃቀም ያስተማረው ታላቁ ስብከቱ በ1760 ዓ.ም. ታተመ። በዚህ ስብከት ገንዘብን አይረግምም። ክፉው ነገር የገንዘብ ፍቅር እንጂ ገንዘቡ አይደለም፤ በመልካም ሰው እጅ ሲገባ ለተራበ ምግብ፣ ለታረዘ ልብስ፣ ለመንገደኛ ማደሪያ ይሆናል ይላል። ስለዚህም ሦስት ትእዛዞችን ሰጠ፤ ሰው የሚችለውን ያህል እንዲያገኝ፣ የሚችለውን ያህል እንዲቆጥብ፣ የሚችለውን ያህልም እንዲሰጥ።

የመጀመሪያው ትእዛዝ ለነጋዴ ደስ የሚያሰኝ ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙ አጥር አለው። ሰው ሰውነቱን እየጎዳ፣ እንደ አርሴኒክና እንደ ቀለጠ እርሳስ ያለ መርዝ እየተነፈሰ ገንዘብ እንዲያገኝ አይፈቀድለትም። እየዋሸና እያታለለ ነፍሱን ማጉደፍም አይገባውም። ባልንጀራውንም መጉዳት የለበትም፤ የድሀውን ዕቃ በመያዣ ይዞ በወለድ ማበልጸግ፣ የጎረቤትን ንግድ ለማጥፋት ሲሉ ከገበያ ዋጋ በታች መሸጥ፣ ሠራተኞቹን አባብሎ መውሰድ፣ አረቄ እየሸጡ ሕዝብን መመረዝ፣ ሐኪምም ሆኖ ክፍያው እንዲበዛ በሽታውን ማስረዘም፣ ይህ ሁሉ የተከለከለ ነው። አጥሩን ካላለፈ ግን ሰው በሙሉ ኃይሉ ይሥራ፤ ጊዜ አያባክን፤ ዛሬ የሚሠራውን ከትናንቱ ያሻሽል።

ሁለተኛው ትእዛዝ በከበረ ምግብ፣ በልብስ ጌጥ፣ በቤት ዕቃና በሰው ከንቱ ውዳሴ ገንዘብን አለመበተን ነው። ልጆችንም ቢሆን በቅምጥልነት ማሳደግ ፍቅር አይደለም ይላል። ይህ ሁሉ ግን ሦስተኛው ከሌለ ምንም አይደለም። የቆጠበውን በሣጥን ወይም በእንግሊዝ ባንክ የሚያኖር ሰው በምድር ከመቅበሩ የማይለይ፣ ወደ ባሕር ከመጣሉም የማይሻል ሥራ ሠራ ብሎ አስተማረ። ለራሱና ለቤተ ሰቡ የሚያስፈልገውን ከወሰደ በኋላ የተረፈውን ለምእመናን፣ ከዚያም ለሰው ሁሉ ማካፈል አለበት። አንድ ነገር ለመግዛት ሲጠራጠርም፣ ይህን ወጪ እንደ መሥዋዕት በጸሎት ወደ እግዚአብሔር ለማቅረብ ይችል እንደ ሆነ ራሱን እንዲጠይቅ አዘዘ። ገበያንና መሠዊያን እንዲህ አድርጎ ያቀራረበ ትምህርት ከዚህ በፊት አላጋጠመንም።

ሰውየው ያስተማረውን አደረገ ወይ ብሎ አንባቢ ይጠይቅ ይሆናል። ዌስሊ ብዙ መጻሕፍትን እየጻፈ በርካሽ ዋጋ ያሳትም ስለ ነበረ፣ መጻሕፍቱም በብዛት ይሸጡ ስለ ነበረ፣ ሳያስበው ብዙ ገንዘብ ገባለት። በዕድሜው ሙሉ የሰጠው ገንዘብ 30,000 ፓውንድ ያህል ይሆናል ተብሎ ይገመታል። በ1751 ዓ.ም. ሀብት ያላትን መበለት ባገባ ጊዜ ንብረትዋ ለእርስዋና ለልጆችዋ ብቻ እንዲጸና አደረገ፤ ጋብቻው ግን ደስታ ያልነበረበት ነው። በ1776 ዓ.ም. የቀረጥ ሹማምንት እንዲህ ያለ ታዋቂ ሰው የብር ዕቃ ሳይኖረው አይቀርም ብለው ግብር በጠየቁት ጊዜ፣ በሎንዶን ሁለት በብሪስቶልም ሁለት የብር ማንኪያ እንዳለው፣ በዙሪያው ብዙ ሰው ዳቦ እያጣ ሳለም ሌላ እንደማይገዛ ጽፎ መለሰላቸው። በጥር 1785 ዓ.ም. በ81 ዓመቱ፣ የሎንዶን ድሆች ከዳቦና ከከሰል በላይ ልብስ እንደሚያስፈልጋቸው ተመለከተ። ለአምስት ቀን በከተማው እየዞረ ለመነ፤ መንገዱ ቁርጭምጭሚት በሚደርስ በሚቀልጥ በረዶ ተሞልቶ ስለ ነበረ እግሩ ከጧት እስከ ማታ በበረዶ ውኃ ተዘፍቆ ይውል ነበረ። 200 ፓውንድ ከሰበሰበ በኋላ ታመመና ተኛ።

ነገር ግን ዌስሊ ምጽዋት ብቻ የሚበቃ አልመሰለውም። በ1773 ዓ.ም. ስለ እህል መወደድ ባሳተመው ትንሽ መጽሐፍ፣ ሕዝቡ የሚራበው ሰነፍ ስለ ሆነ ሳይሆን፣ እህሉ ለአረቄ ማውጫ ስለሚውል፣ አጃው ለሀብታሞች ሠረገላ ፈረሶች ስለሚበላ፣ ትንንሽ እርሻዎች በትልልቆቹ ስለሚዋጡና ግብር ስለ በዛ መሆኑን አስረዳ። በ1774 ዓ.ም. ደግሞ የባሪያ ንግድን የሚያወግዝ መጽሐፍ አወጣ። የገዢው ጥፋት ከሻጩ አያንስም ብሎ በስኳሩ ላይ ያለውን ደም አሳየ። በ1788 ዓ.ም. በዚያችው በብሪስቶል በንግዱ ላይ ሰበከ። ሊሞት ስድስት ቀን ሲቀረውም፣ በየካቲት 24 ቀን 1791 ዓ.ም.፣ በፓርላማ ስለዚህ ነገር ለሚታገለው ለዊልያም ዊልበርፎርስ የማበረታቻ ደብዳቤ ጻፈ። እንግሊዝ የባሪያ ንግድን በሕግ የከለከለችው በ1807 ዓ.ም. ነው።

አሁን ወደ ታሪኩ አሳዛኝ ክፍል ደረስን። ዌስሊ በሸመገለ ጊዜ ከተቃዋሚዎቹ ይልቅ የገዛ ተከታዮቹ ብልጽግና አስፈራው። በ1786 ዓ.ም. በጻፈው ጽሑፍ ነገሩን እንዲህ አድርጎ አስረድቶታል። እውነተኛ ሃይማኖት ትጋትንና ቁጠባን ይወልዳል፤ ትጋትና ቁጠባም ሀብትን ይወልዳሉ፤ ሀብት በበዛ ጊዜ ግን ትዕቢትና የዓለም ፍቅር ይበዛሉ፤ የሃይማኖቱም ፍሬ ነገር ይጠፋል፤ ቅርፊቱ ብቻ ይቀራል። ሰዎችን ትጉና ቆጣቢ አትሁኑ ማለት አይቻልም። እንግዲህ ሃይማኖት የራሱን ገዳይ ራሱ ወልዶ ያሳድጋል ማለት ነው። ዌስሊ ያገኘው መድኃኒት አንድ ብቻ ነበረ፤ እርሱም ሦስተኛው ትእዛዝ ነው። ይሁን እንጂ በ1789 ዓ.ም. ተከታዮቹን ሲመለከት፣ የመጀመሪያውን የሚጠብቁ ብዙዎች፣ ሁለተኛውን የሚጠብቁ ጥቂቶች ሆነው አገኛቸው፤ ሦስተኛውን የሚጠብቁ ግን ከ50,000 ሰዎች መካከል 500 እንኳ መገኘታቸውን ተጠራጠረ።

ለዚህ ነገር የጄምስ ላኪንግተን ታሪክ ምስክር ይሆናል። ላኪንግተን ድሀ ጫማ ሰፊ ነበረ። በሎንዶን ትንሽ የመጽሐፍ ሱቅ ሲከፍት ከዌስሊ የብድር ሣጥን 5 ፓውንድ ተበደረ። ትጉና ቆጣቢ ሰው ስለ ነበረ፣ ያለ ዱቤ በርካሽ ዋጋ እየሸጠ ከሎንዶን መጽሐፍ ሻጮች ሁሉ የታወቀ ሆነ፤ በሠረገላም ሄደ። ባለጠጋ ከሆነ በኋላ ማኅበሩን ተወ፤ በ1791 ዓ.ም. ባሳተመው የሕይወት ታሪኩም በሜቶዲስቶች ላይ ዘበተባቸው። እውነቱን ለመናገር ግን በሽምግልናው ተጸጽቶ ተመልሷል፤ በገንዘቡም የጸሎት ቤቶችን አሠርቷል። በዚህ ምክንያት ላኪንግተንን ለመንቀፍ አንቸኩልም። ሦስተኛውን ትእዛዝ ዘግይቶም ቢሆን አስታውሶታልና።

ዌስሊ ከሞተ ከመቶ ዓመት በኋላ፣ ማክስ ቬበር የተባለው የጀርመን ሊቅ ስለ ፕሮቴስታንት ሥነ ምግባርና ስለ ካፒታሊዝም መንፈስ በሚናገር ጥናቱ፣ ይህንኑ የዌስሊን ጽሑፍ ለሐሳቡ ማስረጃ አድርጎ አቀረበው። እንደ ቬበር አስተሳሰብ፣ ሥራን እንደ እግዚአብሔር ጥሪ የሚያዩ፣ ያገኙትንም በቅንጦት የማያጠፉ ሰዎች ሳያስቡት የዘመናዊውን ካፒታሊዝም መንፈስ አሳደጉ፤ በኋላም ሃይማኖቱ ሲደርቅ የሥራውና የትርፉ ግዴታ ብቻ ቀረ። በዚህ አሳብ ሊቃውንት ሁሉ አይስማሙም። ሌሎች የታሪክ ጸሐፊዎችም የዌስሊ ትምህርት ሠራተኛውን ለፋብሪካ ጌቶች እንዲታዘዝ አለማምዶታል ብለው ይነቅፉታል። እኛ በሊቃውንት መካከል ለመፍረድ አንደፍርም። ነገር ግን በእኛ አስተያየት፣ ዓለም ከዌስሊ ሁለቱን ትእዛዞች ተቀብሎ ሦስተኛውን መንገድ ላይ ጥሎታል። ማግኘትና ማከማቸት ያለ መስጠት በብቻቸው ሲቀሩ፣ እነርሱ ራሳቸው ሃይማኖት ይሆናሉ፤ ምእመናን አሏቸው፣ መሥዋዕትም ይቀርብላቸዋል፤ ምሕረት ግን የላቸውም።

ዌስሊ ገቢውንና ወጪውን በመዝገብ የሚጽፍ ሰው ነበረ፤ በ1790 ዓ.ም. እጁ እየተንቀጠቀጠ መጻፍ ሲያቅተው፣ የሚችለውን ያህል ቆጥቦ የሚችለውን ያህል፣ ማለት ያለውን ሁሉ እንደ ሰጠ ጽፎ መዝገቡን ዘጋ። በመጋቢት 2 ቀን 1791 ዓ.ም. በ87 ዓመቱ በሎንዶን ዐረፈ። በዚያን ጊዜ በብሪታንያና በአየርላንድ ከ70,000 የሚበልጡ የማኅበሩ ሰዎች ነበሩ። በኑዛዜው እንዳዘዘውም ያለ ሠረገላና ያለ ጌጥ ስድስት ድሆች ሬሳውን ተሸከሙት፤ ለእያንዳንዳቸውም 20 ሽልንግ ተሰጣቸው። ሃያ ሽልንግ ከብድር ሣጥኑ ለአንድ ድሀ ይሰጥ የነበረው ገንዘብ ነው። ይህኛው ግን የማይመለስ ነበረ።

ውድ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፤ ይህን ያነበብነው ሰውን ለማድነቅ ብቻ አይደለም። መምህሮቻችን ትጉ ሁኑ፣ ጊዜያችሁን አታባክኑ፣ ቆጥቡ እያሉ መክረውናል፤ ወላጆቻችንም ካላቸው ላይ ቀንሰው አስተምረውናል። ይህን ምክር ከጠበቅን ከመካከላችን ባለሀብት የሚሆን አይጠፋም። አደጋው የሚመጣው እንግዲህ ያን ጊዜ ነው፤ ክፉ ስለ ሆንን ሳይሆን መልካም ምክር ስለ ሰማን ይመጣብናል። ስለዚህ ሦስተኛውን ትእዛዝ ገንዘቡ ከመምጣቱ በፊት ዛሬ ልንለማመደው ይገባናል። ሰው በሁለት ብር ያልለመደውን በሁለት ሺህ አይጀምረውምና።

እኛም በዚህ ጀመርን። ከጃኬቱ መዋጮ የተረፈው ጥቂት ገንዘብ በክፍል አለቃችን እጅ ነበረ፤ ለመጨረሻ ቀን ግብዣ ሊውል ታስቦ ነበር። ተነጋግረን ወደ ፎቶግራፍ ቤት ተመልሰን እንደ ገና እንድንነሣ ቈረጥን፤ በዚህ ጊዜ ሁላችን የትምህርት ቤቱን መለያ ልብስ ብቻ ለብሰን እንቆማለን። ያን ጓደኛችንንም ሄደን ይቅርታ ጠየቅነው፤ እርሱም መጀመሪያ ዝም አለ፣ በኋላ ግን እንደሚመጣ ነገረን። የቀረውን ገንዘብ በሣጥን አድርገን ለሚቀጥለው ዓመት የመጨረሻ ክፍል ተማሪዎች እናስረክባለን። ቁልፉን የሚይዝ ሰው፣ ከመዋጮው በፊት መክፈል የማይችለው ማን እንደ ሆነ በስውር እንዲጠይቅ አደራ እንላለን።